በዱላ የሚለካ ናፍጣ

በገዛ እጄ የገጠምኩት የመጀመሪያው ፖምፓ ሦስት ጊዜ ተመለሰብኝ። ሰው የመጀመሪያ ልጁን ሲያወራ ጥርስ አወጣ፣ ዳዴ አለ ይላል። የእኔው ሮቢትን አልፎ ጎብዬ ሳይደርስ መንገድ ዳር ይሞት ነበር።

የምሠራበት ጋራዥ ቆቦ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ነው። ከግቢው ጥግ አንድ ጠባብ ክፍል አለች፤ የናፍጣ ፖምፓ የሚፈታውና የሚገጠመው እዚያ ብቻ ነው። መስኮቷ ዓመቱን ሙሉ ዝግ ነው። የራያን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ አቧራው የምንበላውን ምሳ ሳይቀር ይካፈለናል። ፖምፓ ደግሞ አቧራ አይችልም። ናፍጣውን እየገፉ ወደ ሞተሩ የሚልኩት ትንንሽ ዘንጎች ከማቀፊያቸው ጋር የተሳሉት ፀጉር በማያሳልፍ ልክ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባች ትሞነጭራቸዋለች። ስለዚህ ጫማ እንደ መስጊድ በር ላይ ይወለቃል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ይገባል። የክፍሏን ቁልፍ አለቃዬ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። እናቴ ሻይ ቤት ክፈቺ ብላኝ ነበር። ቁጭ ብዬ ሰው ሻይ ሲያማስል ሳይ መዋል አልችልም፤ እግሬ አይቀመጥልኝም። ጋራዡ የተቀበለኝ ለብረት አጣቢነት ነው። ዓመት ከመንፈቅ እጄን ናፍጣ ውስጥ ነክሬ ብሎን አጠብኩ። እያጠብኩም በክፍሏ በር አሻግሬ አያለሁ፣ ያየሁትን ሳልጠየቅ እናገራለሁ። አለቃዬ ደግሞ ሁሌም የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦

«አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ ፊት ትንፍሽ አትበይ!»

ትንፍሽ ሳይሉ መኖር አልችልበትም።

አንድ ጠዋት ግን ምን እንደታያቸው እንጃ፣ «ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ የተፈታ ፖምፓ ተዘርግቷል። ከአንድ የዋጃ ሽማግሌ ሹፌር መኪና የወረደ ነው፤ ሽንኩርትና ጤፍ ከቆላው ወደ ወልድያ ከሚያመላልሱበት የጭነት መኪና። እኔ ገጠምኩት፤ አለቃዬ ከጎኔ ቆመው እያንዳንዷን ልክ አዩ፣ አንድ ሁለት ቦታ «ፍቺው፣ እንደገና» አሉኝ፣ ሌላ ነገር አልነኩም። ስጨርስ እጃቸውን እየጠረጉ፣

«ስሚኝ» አሉ፤ «ይኼ መኪና በፖምፓ የተመለሰ ቀን አንቺም ወደ ማጠቢያሽ ትመለሻለሽ። ወላሂ አልቀልድም።»

«አይመለስም ጋሼ።»

«ኢንሻአላህ በይ!»

«ኢንሻአላህ።»

ዘግይቼ ነው መሰል ያልኩት፣ በሳምንቱ ተመለሰ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዱላው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ናፍጣ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ ሹፌርና ጋራዥ የሚጣሉት በናፍጣ ነው። «ስገባ ሙሉ ነበር፣ ቀድታችሁብኛል» ይላል አንዱ፤ «ባዶውን ነው ያመጣኸው» ይላል ሌላው። በኛ ግቢ ይህ ፀብ እንዳይኖር አለቃዬ ደንብ አበጅተዋል። መኪና ገብቶ እንደቆመ፣ ሌላ ነገር ሳይነካ፣ ሹፌሩና እሳቸው አብረው የናፍጣውን ጋን ይከፍታሉ፣ ዱላ ይሰዳሉ፣ እርጥበቱ የደረሰበትን በጠመኔ ያሰምራሉ። መኪናው ሲወጣም ያው ዱላ ይሰደዳል። የዋጃው ሽማግሌ የውሰት ዱላ አያምኑም፤ የሚለኩት ከመቀመጫቸው ኋላ በማይጠፋው በራሳቸው ሽመል ነው። ስለዚህ ደንብ የሰሙ ሹፌሮች ከጎብዬም ከአላማጣም እኛ ጋ ይመጡ ነበር። ኩራታችን ነበር።

እንግዲህ ሽማግሌው በሳምንቱ መጡ። ከመኪናው ወርደው ላባቸውን ሳይጠርጉ፣

«ትንፋሽ ያጥረዋል» አሉ። «ከዚህ እንደ ፈረስ ይወጣል። ሮቢትን ካለፍኩ በኋላ መጎተት ይጀምራል፣ ነዳጅ ስሰጠው አይሰማኝም፣ ከዚያ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ቆሜ ሳስነሳው ይነሳና ደግሞ ይደክማል። ሙሉ ስሞላለት ደግሞ ይብስበታል።»

አጠገባችን የብየዳ ቤት ያለው ወጣት አጥሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ኖሮ ሳቀ።

«በልቶ የሚደክም መኪና! ቁርጥ አማቼን!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ያ ሽማግሌ በጥቂት ዓረፍተ ነገር በሽታውን ዘርዝረው ነግረውን ነበር፤ እኛ ቀልዱን ብቻ ሰማን።

እንደ ደንባችን ጋኑ ተከፈተ፣ ሽመሉ ገባ፣ ጠመኔው ተሰመረ። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። ያለ አንዳች ችግር ተነሳ! ጭስ የለ፣ መንተባተብ የለ። አለቃዬ በፊልትሮውና በፖምፓው መሀል የግፊት መለኪያ አስገቡ፤ መርፌው ከሚገባው ቦታ ንቅንቅ አላለም። ግማሽ ሰዓት አስጮህነው። ጤነኛ ነው። የናፍጣ ፊልትሮውን ቀይረን፣ ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር እንዳይኖር በእጅ ፖምፓው ገፍተን አስወጥተን ሸኘናቸው።

በአራተኛው ቀን ደግሞ መጡ። እንደገና ሽመል፣ ጠመኔ፣ ጤነኛ ሞተር። በዚህኛው ግን አለቃዬ ባትሪ ይዘው ፖምፓው ላይ ጎንበስ አሉና ቆዩ። አንደኛው የቱቦ መጋጠሚያ ሥር ናፍጣ ያዛል። ፈቱት። ከሥሩ የወጣችውን፣ ናፍጣ እንዳያዛ መጋጠሚያውን የምታሽገውን የመዳብ ሮንዴላ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሳዩኝ፤ ጠፍጣፋ፣ አንዴ ተጨፍልቃ ያለቀች።

«አሮጌዋን ነው መልሰሽ ያስገባሻት?»

«አዎ።»

«አዲስ አልነበረም?»

«ነበር። ሳጥኑ ወዲያ ማዶ ነበር። ቸኮልኩ።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በአገጫቸው ብቻ ወደ ማጠቢያው ገንዳ አመለከቱኝ። የክፍሏን በር ቆልፈው ቁልፉን ሸሚዛቸው ውስጥ መለሱት። ጫማዬን አጥልቄ ሄድኩ። ከአጥሩ ማዶ በያጁ፣

«አንቺ! ሴት የነካችው ፖምፓ እንደዚህ ነው፣ ሆድ ይብሰዋል!» አለ።

«ያንተ ብየዳ አይደል ትናንት በር ተሸክሞ የወደቀው!» አልኩት። አፌ አላነሰም። ልቤ ግን ገንዳው ውስጥ ነበር። ጥፋቷ የኔ ናት፤ ለማንም ላስተባብላት አልሞከርኩም።

ሮንዴላዋ ተቀየረች። እንግዲህ አለቀ አልን። መኪናው ግን በሦስተኛው ቀን ጎብዬ መግቢያ ላይ ሞተ።

ሽማግሌው ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሰው ገቡ። ሽመላቸውን ይዘው ወረዱ። ጋኑ ተከፈተ፣ ተለካ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ጤነኛ። አለቃዬ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ከገንዳው አጠገብ፣ ክንዴ ድረስ ናፍጣ እንደተቀባሁ፣ አሁን ሳስበው እንኳ የሚያሳፍረኝን ነገር ተናገርኩ፦

«መኪናው ደህና ነው። እንግዲህ አነዳድዎ ይሆናላ!»

እኒህ ሰው እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ይህን መንገድ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። አለቃዬ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ያ አላህ! ምን ዓይነት ምላስ ነው ይኼ! ነይ ወዲህ፣ ይቅርታ ጠይቂ!»

ሄድኩ። ፊታቸው ቆሜ፣

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ድንጋይ ተሸከሚ ካሉኝም እሸከማለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ሳይታሰብ ጥርሳቸው ታየ።

«አቦ ድንጋዩ ምን ያደርግልኛል! ይልቅ ውጪና ተሳፈሪ። እኔ የማየውን ተቀምጠሽ እዪ። ካልተገኘ ነገ ወልድያ ወስጄ ለሌላ መካኒክ እሰጠዋለሁ፤ አንቺም ከዚህ ገንዳ አትወጪም፣ ሰምቻለሁ።»

እውነታቸውን ነበር። መኪናው ወልድያ ሄዶ «የቆቦዋ ልጅ ያበላሸችው ፖምፓ» ከተባለ፣ ያቺ ክፍል በቃች። ሌላ ሰው ፖምፓ አያስነካኝም። አለቃዬ ጥቂት አንገራገሩና «ብቻዋን አትሄድም» ብለው እሳቸውም ተሳፈሩ። ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተጣበቅን፤ ሽመሉ አራተኛ ሆኖ ጉልበቴ ላይ። የግፊት መለኪያውን በረጅም ቱቦ አውጥቼ የጎን መስተዋቱ ላይ በሽቦ አሰርኩት፤ ከመቀመጫዬ ሆኜ መርፌውን አየዋለሁ። ከኋላ ሽንኩርት ተጭኗል። ሽማግሌው ከመውጣታችን በፊት ጋኑን አፍ ድረስ ሞልተውታል። «ሲሞላ ይብሳል ብዬ የለም? ይባስና ይታይ» አሉ።

ከቆቦ እስከ ሮቢት መርፌው እንደተተከለ ነበር። ሽማግሌው ጤፉን፣ ዝናቡን፣ መንገዱ ተዘግቶ የከረመበትን ጊዜ ያወራሉ፤ እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሮቢትን አለፍን። መርፌው ተነቃነቀ። በእውነት ይሁን በመንገዱ ጉድጓድ አልለየሁም። ትንሽ ቆይቶ ቁልቁል ሄደ።

«ወረደ!»

«ዝም በይ፣ እያየሁ ነው» አሉ አለቃዬ፤ እሳቸው ከነበሩበት ግን መለኪያው አይታይም።

«ጋሼ፣ ግማሽ ሆነ። ከግማሽ በታች ሆነ።»

ሞተሩ ያቃስት ጀመር። ሽማግሌው ማርሽ ቀነሱ፣ «ይኸው፣ መጣ» አሉ፣ ዳር ያዙ፣ ጠፋ። ከኛ በቀር ድምፅ የለም። አንድ የግመል መንጋ ከቆላው በኩል ወደ ገበያ ያልፋል።

ዘልዬ ወረድኩ። ከጋኑ ወደ ፖምፓው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ያዝኩ። ቱቦ ክብ ነው አይደል? ይኼኛው ጠፍጥፏል። በውስጡ የሚሳብ ነገር አጥቶ ጎንና ጎኑ ተጣብቋል፣ እንደ ጦመኛ አንጀት። አለቃዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዳበሱት። «የሆነ ነገር ጋኑ ውስጥ አፉን ደፍኖታል፤ ጨርቅ ይሆናል። ናፍጣ እየደረሰው አይደለም» አሉ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጋኑ ባዶ ነው የተባሉ መሰላቸው። «ናፍጣ አልቆበት ነው እንዳትሉኝ!» ብለው ከአንገታቸው የጋኑን ቁልፍ አወጡ። መንገድ ላይ ከፍተውት አያውቁም ነበር። ናፍጣ እንዲህ ሲወደድ ማን ምን እንደያዘ አስፋልት ላይ ማሳየት ሞኝነት ነው ይላሉ። አሁን ግን ክብራቸው ተነካ። ሽመላቸውን ከጋቢና ስበው የክዳኑን ቁልፍ ከፈቱ፣ ክዳኑን ያዙ፣ አልወጣ አላቸው። በሁለት እጃቸው ነቅነቅ አደረጉትና ሳቡት።

ፉሽሽሽሽሽ!

ጋኑ አየር ጎተተ። ረጅም ትንፋሽ። እጄ ላይ የነበረው የተጠፈጠፈ ቱቦ በጣቶቼ መሀል ቀስ ብሎ ክብ ሆነ። ሽማግሌው ሽመላቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ያስነሱት!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ፣ አሁን ያስነሱት!»

ተነሳ። መርፌው ቦታው ላይ ተተከለ።

ሦስታችን ክዳኑን ከበን አየነው። የድሮው ክዳን አይደለም። ከወፍራም ብረት የተበየደ፣ ቁልፍ ያለው፣ ከሥሩ ከከለመዳሪ፣ ማለት ከጎማ የውስጥ ፊኛ፣ የተቆረጠ ድርብ ላስቲክ የተለበጠበት ነው። የድሮዎቹ ክዳኖች መተንፈሻ አላቸው፤ ናፍጣው በቀነሰ ቁጥር በምትኩ አየር የሚገባባት የመርፌ ቀዳዳ የምታህል። ይኼኛው ምንም የለውም። ናፍጣው ሲወጣ በምትኩ የሚገባ የለም፤ ፖምፓው ይስባል፣ ጋኑ አልለቅም ይላል። ጋኑ ሲሞላ ደግሞ ውስጡ የሚቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይታነቃል። በልቶ የሚደክመው ለዚህ ነበር።

«ይኼን መቼ አሠሩት?» አልኩ።

«ፖምፓው እናንተ ጋ ተፈትቶ በቆመበት ሰሞን። ቆሞ ከዋለ አይቀር ሌባ እንዳይከፍተው ብዬ፣ እዚያው አጠገባችሁ ያለው በያጅ ነው የሠራልኝ።»

አለቃዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ሱብሃነላህ! ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ በገዛ እጃችን ከፈትነው። በሽታውን በዱላ አባረን ምን ነካው እያልን ኖሯል!»

እውነት ነበር። ያ ሁሉ የተኮራንበት ደንብ፣ ያ የመተማመኛ ሽመል፣ መኪናው ግቢያችን በገባ ቁጥር ሳናውቀው ያድነው ነበር። ተቆልፎ ሲወጣ ይታመማል፣ ልንለካው ስንከፍተው ይድናል። ፉሽታውን ደግሞ በግቢው የመዶሻና የብየዳ ጩኸት መሀል አልሰማነውም። እኔ ደግሞ የዳነ መኪና አይቼ ሽማግሌ ሰደብኩ።

አለቃዬ እንሂድ ሲሉ እኔ አልሄድም አልኩ። አንዴ ፉሽ ስላለ ብቻ አላምንም። ክዳኑን ላላ አድርገን በጨርቅ ሸፍነን ጎብዬን አልፈን ነዳን፤ መርፌው አልወረደም። ተመለስን። ሽማግሌው ጠብቀው ቆለፉት፤ ነዳን፤ መርፌው ወረደ። ክዳኑ ላላ፤ መርፌው ተነሳ። ያን ጊዜ ነው ያመንኩት። ሽማግሌው «ይቺ ልጅ ቶማስ ናት፣ ጣቷን ካልከተተች አታምንም!» እያሉ ሳቁብኝ።

ግቢ ስንደርስ በያጁ አጥሩ ላይ ነበር። ክዳኑን ወረወርኩለት።

«ይኼን አንተ ነህ የበየድከው?»

ደረቱን ነፋ። «እኔ ነኝ! ምን ሆነ? ጠብታ አያስወጣም፣ ትንኝ አያስገባም!»

«አየርም አያስገባም። ሰውዬውን ሁለት ሳምንት መንገድ ያሳደራቸው ያንተ ጉብዝና ነው።»

ክዳኑን ገለባብጦ አየና ሲገባው፣ «ጎበዝ በመሆኔ ተሰደብኩ እኮ!» አለ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡትም፤ እሳቸው ራሳቸው አደራ ብለው ያሠሩት ነው። አለቃዬ ከኋላ «ጋንን ጠጠር ይደግፈዋል ይባል ነበር፤ ለካ ቀዳዳም ይደግፈዋል» አሉ።

ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ። ባዶ ቀዳዳ ግን ያንን ሁሉ አቧራ ይጋብዛል፤ ስለዚህ በያጁ ላዩ ላይ አፏ ወደታች የታጠፈች ቀጭን ቱቦ በየደልኝ፣ አፏ ላይ ስፖንጅ ወተፍኩ። እሱ ሲበይድ እኔ «ቀኝ፣ ቀኝ፣ አቃጠልከው!» እያልኩ ቆምኩ። ትንፍሽ አትበይ ያለኝ አልነበረም።

ሽማግሌው በማግስቱ ወልድያ ደርሰው ተመለሱ። ሳይወርዱ ከጋቢናው ሽመላቸውን በመስኮት አውጥተው አወዛወዙልኝና ወደ ዋጃ አለፉ። ካየኋቸው ሰላምታዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው።

አለቃዬ አላመሰገኑኝም፣ የሳቸው ነገር እንዲህ ነው። ሁለት ቀን ደግሞ ብረት አሳጠቡኝ። «ሮንዴላዋን አልረሳኋትም» አሉ። እኔም አልረሳኋትም። አሁን አሮጌ ሮንዴላ በፈታሁ ቁጥር ወዲያው በመዶሻ አጥፌ እጥላለሁ፤ ብቸኩል እንኳ ተመልሳ መግባት አትችልም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ከአላማጣ የመጣ መኪና እያጨሰ ገባ። ሹፌሩ ደንባችንን ያውቃል፤ ዘሎ ወርዶ ዱላውን እንደያዘ ወደ ጋኑ ሄደ። እጁ ክዳኑ ላይ ሲያርፍ አለቃዬ ከወዲያ ጮሁ፦

«ቆይ! እንዳትከፍተው! መጀመሪያ ልጅቱ ትስማው!»

ሹፌሩ ግራ ገብቶት እጁን አነሳ። እጄን ጠርጌ መጣሁ። ጆሮዬን ክዳኑ ላይ አስጠግቼ ቀስ ብዬ አላላሁት። ምንም አላለም። ጋኑ ሲተነፍስ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ ይኼኛው እውነትም ፖምፓው ነው» አልኩ።

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ወረወሩልኝ። ዱላው ተሰደደ፣ ጠመኔው ተሰመረ። እኔ በሩ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ ነበር።